ከኋላዬ ማንም የለም

ዕፀገነት ሾላው ጥላ ሥር ስትደርስ ሌሎቹ ብስክሌታቸውን ሣሩ ላይ አጋድመው ነበር። ገሚሱ ውሃ ይጠጣል፣ ገሚሱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያናፍሳል። እሷ ሁልጊዜም የምትደርሰው መጨረሻ ነው፤ ሥራዋ ነውና። የቡድኑ ጭራ ናት። የደከመ፣ ጎማው የተነፈሰበት ወይም ሆዱን ያመመው ሰው ቢኖር አብራው ትቆማለች፣ አብራው ትመጣለች፤ አልፋው አትሄድም።

የቡድኑ መሪ መሐመድአሚን ቦንጋ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ቴምር የያዘ ላስቲክ ሊያቀብላት ተነሣና መሃል ላይ ቆመ። አንገቱን አስግጎ ከጀርባዋ ያለውን መንገድ አየ።

«እትዬ ዕፀገነት፣ ከዲጃስ?»

«ከፊቴ አይደለችም እንዴ?»

«እኛ ጋ አልደረሰችም። ከእርስዎ ጋር ትመጣለች ብለን ነው የምንጠብቀው።»

ዕፀገነት ዞር አለች። የጠጠሩ መንገድ ግራና ቀኙን በደረቀ ሰንበሌጥ ታጥሮ በጎጀብ ሜዳ መሃል እስከ ሰማዩ ጥግ ይሄዳል። አንድም ሰው አይታይበትም።

«ከኋላዬ ማንም የለም» አለች።

ይህን ቃል ለዓመታት ስትናገረው ኖራለች። እሷ «ከኋላዬ ማንም የለም» ካለች ሁሉም በደህና ገብቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምግብ ይታዘዛል፣ ጨዋታ ይደራል። ያን ቀን ግን ቃሉን ተናግራ ሳትጨርስ መንገዱን እንደገና ዞራ አየች። ከዲጃ ከፊት ከሌለች፣ ከኋላም ከሌለች፣ የት ናት?

ሌሎቹ ተያዩ። ቀጥሎም አንድ በአንድ ዕፀገነትን አዩ። ለምን እንደሚያዩዋት ታውቃለች። እሷና ከዲጃ ዓይንና ናጫ መሆናቸውን ቦንጋ ላይ የማያውቅ የለም።

ዕፀገነት ቦንጋ ተወልዳ ቦንጋ ያረጀች፣ አምሳን የተሻገረች ሴት ናት። አባቷ ከመንዝ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ፤ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው መጥተው ሚስት አግብተው፣ ቤት ሠርተው፣ እዚያው ተቀበሩ። እሷም የአባቷን እጅ ወርሳ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች አጠገብ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ስትጽፍ ቆየች። ኮምፒዩተር ሲመጣ ኮምፒዩተር፣ ፎቶኮፒ ሲመጣ ፎቶኮፒ ገዛች። ባሏ ዓለሙ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ በወር አንዴ ነው።

ብስክሌት የጀመረችው አርባውን ካለፈች በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስትውል ወገቧ አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ሐኪሙ «በእግርዎ ይሂዱ» ሲላት ሞከረችው፤ ግን እንዴት ይቻላል? በየአሥር እርምጃው አንዱ ያስቆማትና «እትዬ፣ ያኔ የጻፉልኝ ማመልከቻ ምን ደረሰ ይሉኛል?» ይላታል። ማመልከቻውን የጻፈች ሳትሆን ውሳኔውን የፈረመች ይመስል። በብስክሌት ላይ ያለን ሰው ግን ማንም አያስቆመውም። ምሽት ምሽት ሜዳ እየወጣች፣ እየወደቀች፣ እየተሳቀባት ተማረች። ቡድኑ ሲቋቋም ጭራነቱን ራሷ ጠይቃ ወሰደች። ሰው ከኋላዋ እየተንጠባጠበ እሷ ፊት ፊት ብትሄድ ዕረፍት አታገኝም።

ከዲጃን ቀጥራ ሥራ ያስተማረቻት እሷ ናት። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች፣ ቀጠን ያለች፣ የነጋዴ ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመት አብረው ሠሩ። ወረቀት ሲጣበቅ ማሽኑን ፈታ መግጠም፣ የተናደደ ባለጉዳይ ማብረድ፣ ሁሉንም ለመደች። ዕፀገነት ስትታመም ሱቁን ዘግታ እቤቷ ድረስ አጥሚት ይዛ ትመጣ ነበር። ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ከዲጃ ሳትመጣ ቀረች። ዕፀገነት ምን ነካት ብላ በር ላይ ብትወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ሱቅ ተከፍቶ፣ አዲስ ማሽን ተተክሎ፣ ከዲጃ መስታወት ስትወለውል አየቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ዕፀገነትን ያቃጠላት ደንበኛ መቀነሱ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቶቹ ወረቀት ለሁለት ሱቅም ይተርፋል። ያቃጠላት ዓርብ ማታ «ደህና ይደሩ» ብላት መሄዷ ነው። ቃል አለመተንፈሷ። በኋላ የከዲጃ አባት ጓደኛ የሆነው መሐመድአሚን ልጅቷን ወደ ቡድኑ ሲያመጣት ዕፀገነት «እሷ ስለገባች እኔ አልወጣም» አለች። ከዲጃም ያንኑ ሳትል አልቀረችም። አንድ መንገድ ላይ እየጋለቡ፣ አንድ ማዕድ ላይ እየበሉ፣ አንዷ ሌላዋን እንደሌለች ቆጠረቻት።

«መጨረሻ ያዩዋት የት ነው?» ሲል ጠየቀ መሐመድአሚን።

ዕፀገነት ለማሰብ ዓይኗን ጨፈነች። ቦንጋን ለቀው የወጡት ጎሕ ሲቀድ፣ ጫካው በጉም ተሸፍኖ ሳለ ነው። ቁልቁለቱን ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን አገሩ ሌላ ነበር። ወሩ የካቲት ነው፤ ፀሐዩ ያነዳል፣ ሰንበሌጡ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፣ ወዲያ ማዶ ከብት አርቢዎች ለአዲስ ሣር ብለው የለኮሱት እሳት ይጨሳል። ከዲጃ ቀይ ሄልሜቷን ደፍታ ከፊቷ ትሄድ ነበር።

«ከብቶቹ ሲያቋርጡ» አለች። «መንጋው መሃላችን ገባ። አቧራው ተነሣ። ሲያልፍ አላየኋትም። ወደ እናንተ የደረሰች መሰለኝ።»

እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ከብቶቹ ካለፉ በኋላ ዕፀገነት ከመንገዱ የሚገነጠል ሰፊ የትራክተር መንገድ አይታ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወርዳ የጎማ ዱካ ትፈልግ ነበር፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው። ያን ጊዜ ግን ቀዩ ሄልሜት ከዓይኗ ገለል ሲል ቀለል አላትና ፔዳሏን እየመታች አለፈች።

«ስልክ ሞክሩ» አለ አንዱ።

«ኔትወርክ የለም።»

ጥላው ሥር ድንገት የተቃጠለ ሣር ሽታ መጣ። ሁሉም ቀና አሉ። ጠዋት ከሩቅ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጢስ አሁን ተኝቷል፤ ነፋሱ ተነሥቶ ወደ እነሱ ገፍቶታል። ከሥሩ ደብዛዛ ቀይ መስመር ይታያል።

«ያ እኮ በትራክተሩ መንገድ በኩል ነው» አለች ዕፀገነት፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እዚያ ነው የገባችው። እሄዳለሁ።»

«እርስዎ ይቆዩ» አለ እንዳለ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ የሆነ ወጣት። «እኔና ጋሽ መሐመድ እንሂድ። እርስዎ ደግሞ… ማለቴ ከእሷ ጋር…»

«ከእሷ ጋር ምን?»

እንዳለ አንገቱን ደፋ። «ምንም።»

«ጭራዋ እኔ ነኝ» አለች። «የጎደለችው ከእኔ እጅ ነው።»

መሐመድአሚን ጊዜ አላጠፋም። እንዳለ ሌሎቹን ይዞ ወደ አስፋልቱ እንዲወጣና ያገኘውን መኪና ይዞ እንዲመለስ ነገረው። እሱና ዕፀገነት ወደ መጡበት ዞሩ።

ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታቸዋል። ዕፀገነት በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ጋልባ አታውቅም። ወገቧን ረሳችው። የትራክተሩ መንገድ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ መሐመድአሚን ወርዶ ጎንበስ አለ። በከብት ኮቴ ያልተረገጠ የቀጭን ጎማ ዱካ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ይኸው» አለ። «ዋናው መንገድ እዚህ ላይ ይታጠፋል፤ ይሄኛው ቀጥ ይላል። በአቧራው ውስጥ ቀጥታ ሄዳለች።»

ገቡ። ሰንበሌጡ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከመንገዱ በቀር ምንም አይታይም። ጥቂት እንደሄዱ የመሐመድአሚን የፊት ጎማ ፉ ብሎ ተነፈሰ፤ የግራር እሾህ ገብቶበታል።

«እትዬ፣ ብቻዎን እንዳይሄዱ! አንድ አፍታ፣ ቶሎ እለጥፈዋለሁ!»

ዕፀገነት ቆመች። እሱን አየችው፤ ከሣሩ ጫፍ በላይ የሚንከባለለውን ጢስ አየች። «መሐመድ፣ አንተ ወደ ጠጠሩ መንገድ ተመለስ። እሳቱ ቢመጣ እዚያ ሣር የለም» አለችና ነዳች። ከኋላዋ ስሟን ሲጠራ ሰማች፤ ዞር አላለችም።

«ከዲጃ!» ብላ ጮኸች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስሟን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። «ከዲጃ!»

መልስ የለም። የጅግራ መንጋ ከሣሩ ፈንድቶ በራሷ ላይ በረረ። ቀጥሎ ከርከሮ ጅራቱን አቁሞ፣ ግልገሎቹን አስከትሎ መንገዱን አቋረጠ፤ እሷን ከቁብም አልቆጠራት። ሁሉም የሚሮጠው ወደ አንድ ወገን ነው፤ እሷ ከምትሄድበት በተቃራኒ። ዓይኗ ያነባል። እንደ በቆሎ ፈንዲሻ የሚንጣጣ ድምፅ ይሰማታል፤ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ግን መለየት አቃታት። ልመለስ ይሆን ብላ አሰበች። ተመልሼ ምን ብዬ ነው ሰው ፊት የምቆመው? የከዲጃን እናት አስማን ምን እላቸዋለሁ?

በዚህ ሐሳብ መሃል ጢሱ ለቅጽበት ሳሳና ወደ ግራ፣ ራቅ ብሎ፣ ቀይ ነገር አየች። ሄልሜቱ ነው! መንገዱ ከፊቷ ወደ አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ይወርድና ወደዚያው የሚታጠፍ መሰላት። ብስክሌቷን ወደ ቁልቁለቱ ለቀቀችው።

«ቁሚ! ቁሚ! እንዳትወርጂ!»

ፍሬኑን በሁለት እጇ ጨመቀችው። ብስክሌቱ ተንሸራቶ ወደ ጎን ጣላት።

«ከፊትሽ እሳት ነው! ወደ ግራ ውጪ! በሣሩ ሰንጥቂና ውጪ! የታረሰ መሬት አለ!»

ያኔ አየችው። ዝቅ ካለው ቦታ የሚወጣው ነጭ ነገር ጢስ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ የሣሩ ግንድ ብርቱካን መስሎ ይነዳል። መንገዱ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ብስክሌቷን ትታ ሰንበሌጡን በክንዷ እየገፋች ሮጠች። ሣሩ ፊቷን ይገርፋታል፣ ሥሩ እግሯን ይጠልፋታል። ከጀርባዋ ሙቀቱ እንደ እጅ ገፋት። ወድቃ ተነሣች። ሁለተኛ ስትወድቅ አፈር ላይ ነበር፤ በትራክተር የተገለበጠ ጓል አፈር፣ ሣር የሚባል የሌለበት።

«ወደ መሃል! ወደ መሃል ነይ! ጫፉ ላይ አትቁሚ!»

ከዲጃ አፈሩ መሃል ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ዘርግታ በሁለት እጇ ትጠራታለች። ዕፀገነት በእጇም በጉልበቷም እየዳኸች ደረሰች። ከዲጃ ሻሿን ፈትታ በቀረቻት ውሃ ነከረችውና በሁለቱም ፊት ላይ ጣለችው። ጓሉ መካከል በሆዳቸው ተኝተው አፍንጫቸውን አፈር ውስጥ ቀበሩ።

እሳቱ መጣ። ዕፀገነት በኋላ ለሰው ስትናገር ድምፁን መግለጽ ሁልጊዜ ያቅታታል። ከባድ መኪና በራስ ላይ ሲያልፍ ነው ትላለች፤ ከዚያ ደግሞ አይደለም ትላለች። አየሩ ሲያልቅባት፣ ጀርባዋ ላይ ፍንጣሪ ሲወርድ፣ አንዲት እጅ ጀርባዋን በአፈር ስታሻሽ ብቻ ታስታውሳለች። እሷ ውዳሴ ማርያሟን ትላለች፣ ከጎኗ ከዲጃ በዓረብኛ ታነበንባለች። እሳቱ የእርሻውን ዳርና ዳር ይዞ አለፈ።

ቀና ሲሉ ሜዳው ጠቁሯል። እዚህም እዚያም ጉቶ ይጨሳል። የዕፀገነት ክንድ ቆዳ ተልጦ፣ የቅንድቧ ፀጉር ተኮማትሯል።

«እግርሽ ምን ሆነ?»

«ያ ዝቅ ያለው ቦታ ቦይ ነው። ገብቼበት ወደቅኩ። የተሰበረ ይመስለኛል። ብስክሌቱን እየጎተትኩ እዚህ ድረስ ዳኽኩ።» ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። አንቺ አልኩዎት።»

ዕፀገነት መሳቅ ፈልጋ ሳል ቀደማት። ሳሉ ሲለቃት ግን ሳቁ ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣ።

«መገንጠያውን አይቼው ነበር፣ ከዲጃ። ወርጄ ዱካ መፈለግ ነበረብኝ። አንቺ ስለሆንሽ አልወረድኩም።»

ከዲጃ አንድ ጓል አንሥታ በጣቶቿ ፈረፈረችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ዕፀገነት። «ያን ዓርብ። ሱቅ ልከፍት ነው ብትዪኝ ምን አደርግሽ ነበር? ማሽኑን የምተክልልሽ እኔው ነበርኩ እኮ።»

«ሦስት ጊዜ ልነግርዎት አስቤ ነበር» አለች ከዲጃ ቀስ ብላ። «አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ብነግርዎት ቅሪ ይሉኝ ነበር። እኔም እቀር ነበር። እምቢ ልልዎት አልችልም ነበርና ነው በዝምታ የሄድኩት።»

ዕፀገነት ሦስት ዓመት ሙሉ ንቀት ነው ስትለው የኖረችው ነገር እንዲህ ያለ ነገር ነው ብላ አስባ አታውቅም። ድንገት ግን ሌላ ነገር መታትና ብድግ አለች።

«መሐመድ!»

እሳቱ የሄደው በመጡበት አቅጣጫ ነው። ከዲጃ የዕፀገነትን አንገት አቅፋ፣ በአንድ እግሯ እየነጠረች፣ በአመዱ ላይ ጉዞ ጀመሩ። መሬቱ ከጫማ ሥር ያቃጥላል። የመሐመድአሚን ጎማ የተነፈሰበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ብስክሌቱ ጎማዎቹ ቀልጠው፣ ኮርቻው ሽቦ ብቻ ሆኖ ተጋድሟል። ሰውዬው የለም። ዕፀገነት ግራ ቀኝ አየች፤ ጥቁር ነገር ባየች ቁጥር ትቆማለች፤ ሁሉም ጉቶ ነው። ከዲጃ ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «በእኔ ምክንያት» ትላለች። «በእኔ ምክንያት።»

ዕፀገነት «ዝም በይ፣ ወደ መንገዱ ተመለስ ብዬዋለሁ» አለቻት። ሰው ምክር ይሰማ አይሰማ ግን ማን ያውቃል? በተለይ አንዲት ሴት ጢስ ውስጥ ስትገባ ያየ ሰው።

የጠጠሩ መንገድ ሲታያቸው መሐመድአሚን እዚያ ላይ ነበር። ሁለት ከብት አርቢዎች በግራና በቀኝ ክንዱን ይዘውታል፤ ሊገባ ሲታገላቸው ቆይቷል። እነሱን ሲያይ መታገሉን ተወና መንገዱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀና ሲል ያለው፣ «እትዬ ዕፀገነት፣ ሁለተኛ ስጠራዎት ዞር ይበሉ» ብቻ ነበር።

እንዳለ በለመነው ፒክአፕ ተመልሶ መጣ። የከዲጃን እግር በእንጨት አስሮ፣ የዕፀገነትን ክንድ አጥቦ፣ መኪናው ላይ አወጣቸው። ሽቅብ ወደ ቦንጋ ሲወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ፤ ከዲጃ የዕፀገነት ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እንዳለ ሊናገር እየፈለገ ሲያቅተው ዕፀገነት አየችና፣ «ተወው፣ ልጄ። ሾላው ሥር የገመትከው እኮ ከእውነት የራቀ አልነበረም» አለችው።

የከዲጃ አጥንት ተሰብሮ ነበር። እግሯ በጄሶ ታሥሮ ቤት ዋለች። ከተማው ደግሞ ወሬውን በራሱ መንገድ ሠራው፦ ዕፀገነት ጠላቷን ከእሳት አወጣች። የፎቶኮፒ ደንበኛው ሁሉ ይህን እያለ ያወድሳታል። «ኧረ እሷ ናት ያወጣችኝ» ብትል ትሕትና ነው እያሉ ይበልጥ ያወድሷታል። ልትጠይቅ የሄደች ቀን እናትየው አስማ እጇን ይዘው ሊስሙት ሲሉ በኀፍረት ነጠቀቻቸው፤ ተቀምጣም የመገንጠያውን ነገር ሳይቀር ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። አስማ ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸው ጠቆረ፤ የምግብ ሳህን ግን አቀረቡላት። «ብዪ» አሉ። «እውነቱን የተናገረ ሰው ይበላል።»

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ጭራውን ሁለት ሰው አድርጎታል፤ ዕፀገነት ናት አጥብቃ የጠየቀችው። ጢስ የሸተታት ቀን ግን እስካሁን ሱቋን ዘግታ ቤቷ ትገባለች።

ከዲጃ ጄሶው ተፈትቶላት ሱቋን በከፈተች ማግስት ዕፀገነት መንገዱን ተሻግራ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቤት ገባች። ግድግዳውን አየች፣ መደርደሪያውን አየች፣ ማሽኑ ፊት ቆመች።

«ይሄ ቦታው አይደለም» አለች። «ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘዋል።»

«አውቃለሁ። ብቻዬን መግፋት አቅቶኝ ነው።»

ዕፀገነት የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች። በዚያ በኩል ከዲጃ ያዘች፣ በዚህ በኩል እሷ። ማሽኑ ከባድ ነበር፤ ደጃፍ ላይ ወረቀት ይዞ የቆመ ባለጉዳይ እስኪገፉት ጠበቀ።